የጠይብ ታንክ

«ዛሬውኑ ይህን ታንክ ከቤቴ አውጣልኝ» አለች ጠሂራ። ጮክ ብላ አይደለም የተናገረችው። ድምፅዋን አፍና፣ ፊቷን ከግድግዳው አዙራ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ከወዲያ በኩል ጎረቤት ሲያስነጥስ ከወዲህ «ይማርህ» የሚባልበት። ባሏ ጠይብ ከሥራው ቀና አላለም። የሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽሩን ቀኝ ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ሁለት ስንዝር የማይሞላ ታንክ ፊቱ አስቀምጦ፣ የሰንሰለቱን ጥርሶች በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ዝገት እያስመሰለ ይቀባ ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከወሎ በልጅነቱ መጥቶ፣ ሲኒማ ራስ አጠገብ ባለች አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሰዓት ሲጠግን ኖሯል። በዚያ ሁሉ ዘመን እጁ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

ወሩ ኅዳር ነው፤ ከምርጫው ወዲህ የመጣው የዘጠና ስምንቱ ኅዳር። ሰፈሩ ውስጥ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፤ የተከፈተውም ቢሆን ግማሽ በሩን ነው፣ ባለቤቱ ደፍ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ እያየ። ከመሳለሚያ የሚመጡት ሚኒባሶች ቀንሰዋል። ሽንኩርት በኪሎ ሁለት ብር ጨምሯል፣ ያም ከተገኘ። ሰው የሚያወራው ስለ አፈሳ ብቻ ነው፤ የትኛው ሰፈር ተፈተሸ፣ የማን ልጅ ተጫነ፣ ወዴት ተወሰደ። ሲያወራም ከንፈሩን እንኳ በደንብ አያንቀሳቅስም። በዚህ መሀል የጠይብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ታንክ አለ።

ታንኩ የሀያቱ ነው። ሀያቱ የአሻንጉሊት ጅምላ ነጋዴ ናት፤ ከዱባይ ካስጫነችው ኳስና አሻንጉሊት ጋር ያላዘዘችው አርባ ካርቶን ዕቃ ተቀላቅሎ መጣባት። ክዳኑ ላይ ታንክ ተሥሏል፤ ሲከፈት ግን ውስጡ ታንክ የለም፣ በላስቲክ የታሸገ ከመቶ የሚበልጥ ግራጫ ቁርጥራጭ ነው። ቸርቻሪዎቹ ተሰባብሮ ነው የመጣው እያሉ መለሱላት። እሷም አንዱን ይዛ ወደ ጠይብ ኪዮስክ ሄደችና ገጣጥሞ ቢሰጣት መስታወት ውስጥ እንደምታስቀምጠው፣ ሰው ምን እንደሚሆን በዓይኑ ካላየ እንደማይገዛ ነገረችው። ለድካሙ ሦስት መቶ ብር ልትሰጠው ተስማሙ። ይህ ከግርግሩ በፊት ነው። ሱቆች ሲዘጉ ጠይብም ኪዮስኩን ቆልፎ ካርቶኑን ይዞ ቤቱ ገባ።

መመሪያውን ያነበበችለት ልጁ ፋኢዛ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ትምህርት በማቋረጡ ቤት የዋለችው። «ለጀማሪዎች ነው የሚለው፣ አባዬ» አለችው ገና ክዳኑን ስታየው፣ እሱም በዚህ ዕድሜው ጀማሪ መባሉ ደስ አሰኘው። ዕቃው ሬዚን የሚሉት ነገር ነው፤ ፕላስቲክ ይመስላል፣ ሲወድቅ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። ከፋብሪካ ቅባት ይዞ ስለሚወጣ መጀመሪያ በሳሙና ውሃ ይታጠባል፣ አለዚያ ቀለም አይዝም። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጋር ተያይዞ የቀረው ትርፍ ጉማጅ በቀጭን መጋዝ ይቆረጣል። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል ስለሚል ሁልጊዜ ውሃ እየነከሩ፣ አፍና አፍንጫን በጨርቅ ሸፍኖ ነው። የመድፉ አፈሙዝ ከላስቲኩ ሲወጣ እንደ ሙዝ ጎብጦ ነበር። ጠይብ ተበላሸ ብሎ ሲያዝን ፋኢዛ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀስ ብሎ ማቅናት እንደሚቻል አነበበችለት፤ በሻይ ማንቆርቆሪያ ውሃ አቀኑት። ሱፐር ግሉ ከመንካቱ በፊት ሁለቱን ቁራጭ በደረቁ ገጥሞ ማየት ያስፈልጋል፣ ከያዘ በኋላ አይላቀቅም። አረፋ የተዋቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች በስቱኮ ተደፈኑ። ከዚያ ግራጫ የመሠረት ቀለም፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ አንዴ አወፍሮ ሳይሆን ሦስት ጊዜ አሳስቶ። ቤቱ ስምንት ቀን ሙሉ ቲነር ቲነር ሸተተ። በእነዚያ ስምንት ቀናት ጠይብ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ የውጭው ወሬ ሁሉ ይጠፋበት ነበር፤ ቀና ሲል ደግሞ መልሶ ይመጣበታል።

የቀረው ሰንሰለቱና ጎኑ ላይ የሚረጨው የአቧራ መልክ ብቻ ነው። ጠሂራ ከኋላው እንደቆመች ናት። «እሺ» አላት፣ «ዛሬ አልቆ ይወጣል።» የብሩሹን ማጠቢያ ጣሳ ይዞ ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣ። ስድስት ቤተሰብ የሚጋራው ቧንቧ አንድ ነው፣ በቆርቆሮ ተከልሏል። ከቆርቆሮው ወዲያ ሁለት ሴቶች ጀሪካን እየሞሉ ነበር፤ አንደኛዋን በድምፅዋ አወቃት። እትዬ ሸዋርካብሽ ናት፣ በሩ አጠገብ የምትኖረው፣ የቀበሌውን መልእክት ቤት ለቤት እያዞረች የምትናገረው።

«ቀን ይፈገፍጋል፣ ማታ ይፈገፍጋል» ትላለች። «አፍንጫው ላይ ጨርቅ አስሮ። ሽታው እኔ ቤት ድረስ ነው የሚመጣው።»

«ሰዓት ሠሪ አይደል እንዴ ሰውዬው?» አለች ሌላዋ።

«ሰዓት ሠሪ ነዋ። ሰዓት የሚገጥም እጅ ሌላ ምን ሊገጥም እንደሚችል እነሱ ያውቁታል። ያየሽውን ንገሪን አሉኝ፣ ያየሁትን ነገርኳቸው። ምን ላድርግ? እኔም የራሴ ልጆች አሉኝ።»

ጠይብ ጣሳውን እንደያዘ ቆመ። ሮጦ ከቆርቆሮው ጀርባ ብቅ ቢልና ነይ ግቢና እይው ቢላት ነገሩ ያኔውኑ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቦታል። እግሩ ግን ወደዚያ አልሄደም። ጣሳውን ሳያጥብ ተመለሰ። ለጠሂራ አልነገራትም፣ ለፋኢዛም። ተቀመጠ፣ መነጽሩን ሰካ፣ ብሩሹን አነሳ። ብሩሹ ከሰንሰለቱ አልፎ የታንኩ ጎን ላይ ቡናማ መስመር አሰመረ። መስመሩን በቲነር ሲጠርገው አረንጓዴውም አብሮ ተነሳ። ብሩሹን አስቀመጠና እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ትክ ብሎ አየው።

አራት ሰዓት ገደማ ዘውገ እንደልማዱ ሳያንኳኳ ገባ። ዘውገ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ ያለው ጎረቤት ነው፤ ምናለሽ ተራ ከቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ይሠራል፣ ታንኩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስደስቶታል። ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን አየው። «ይገርማል ባክህ» አለ፣ «ሰው ትንሽ ቢሆን ኖሮ ውስጡ ይገባ ነበር።»

«ወሬ አለ?» አለው ጠይብ።

«ጎጃም በረንዳ በኩል ጀምረዋል ይላሉ። ቤት ለቤት።» ዘውገ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄን አገኘሁን ዛሬ እንዳትወጣ ብዬ አስተኝቼዋለሁ። ምን አድርጓል? ሚኒባስ ነው የሚነዳው። ያን ዕለት ድንጋይ ሲወረወር እሱ ጎማ እየቀየረ ነበር። ግን ይህን ለማን ትነግራለህ?»

ጠይብ ቧንቧው ጋ የሰማውን ሊነግረው አፉን ከፈተና ሌላ ነገር ወጣው። «ዘውገ፣ ይህን ነገር ለዛሬ አንተ ጋ ላስቀምጠው?»

ዘውገ ታንኩን አየ፣ ከዚያ ወለሉን። «እኔ ቤት ወጣት ልጅ አለ፣ ጠይብ» አለ። «ወጣት ልጅ ያለበት ቤት ታንክ ከተገኘ…» አልጨረሰውም። ጠይብ በመጠየቁ አፈረ፤ ዘውገም እምቢ በማለቱ አፈረ። ሁለቱም ስለ ሽንኩርት ዋጋ ትንሽ አወሩና ዘውገ ወጣ።

ጠይብ ያኔ ታንኩን ለሀያቱ ሊመልስ ቆረጠ። ጎኑ ላይ ያበላሸውን ቦታ እንኳ ሳያድስ በጠሂራ ሻሽ ጠቀለለው፣ ዘንቢል ውስጥ አስቀመጠው፣ ከላዩ ድንች ደረደረበት። ጠሂራ እስከ ግቢው በር ሸኘችው። መንገዱ ላይ የሚያውቃቸው ነገሮች ሁሉ ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ጋሪዎቹ ግን ተገልብጠው ግድግዳ ተደግፈዋል፣ ተሸካሚዎቹ የሉም፣ የእግሩን ኮቴ ራሱ ይሰማዋል። ሠላሳ ዓመት ሲመላለስበት ኮቴውን ሰምቶት አያውቅም። የሀያቱ ሱቅ ላይ ብረቱ ወርዷል። ዘበኛው እመቤቷ ወደ አገሯ እንደሄደች፣ መቼ እንደምትመለስ እንደማያውቅ ነገረውና ዘንቢሉን አየው። «ድንች ነው» አለ ጠይብ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሲመለስ ማዕዘኑ ላይ አንድ ፒካፕ ቆሟል፣ ሁለት መሣሪያ የያዙ ፖሊሶች ተደግፈውታል። ወደኋላ መመለስ አይችልም፣ አይተውታል። አንገቱን ሰብሮ ሊያልፍ ሲል አንደኛው «አባት» ብሎ ጠራው። ጠይብ ቆመ። የዘንቢሉ እጀታ መዳፉን ሲቆርጠው ተሰማው። አንዱ ድንች ትንሽ ቢንሸራተት አፈሙዙ ብቅ እንደሚል ያውቃል። ፖሊሱ ልጅ እግር ነው፣ ከንፈሩ ደርቋል። «የታሸገ ውሃ የሚሸጥ የተከፈተ ሱቅ የት ነው?» አለው። ጠይብ በአገጩ ወደ ላይ አመለከተ። «የት?» አለ ፖሊሱ እንደገና። «ከመስጊዱ አለፍ ብሎ» አለው ጠይብ። ፖሊሱ አመሰገነው። ጠይብ ከዚያ እስከ ቤቱ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄደው አያስታውስም፤ ግቢው ገብቶ ግድግዳ ተደገፈ።

ጠሂራ ዘንቢሉን እንደያዘ ሲገባ አየችው። እንጀራ አቀረበች፣ ማንም አልበላም። ጠይብ ከአልጋው ሥር ትንሿን መዶሻ አወጣ፣ ታንኩን ወለሉ ላይ ጆንያ አንጥፎ አስቀመጠው። እጁን አነሳ፣ አቆየው፣ መልሶ አወረደው። የስምንት ቀን ድካሙ አሳዝኖት ብቻ አይደለም። ከተሰበረ በኋላ ቁርጥራጩ የት እንደሚጣል አያውቅም። ግቢው አንድ ቆሻሻ መጣያ ነው ያለው፣ እሱም ያለው ሸዋርካብሽ ደጃፍ ላይ ነው። ፋኢዛ ከውስጠኛው ክፍል ወጥታ መዶሻውን ከእጁ ወሰደች። ሰሞኑን ዝምተኛ ሆናለች፣ አባቷ ሲያወራት እንኳ ራሷን በመነቅነቅ ነው የምትመልሰው።

«ከሰበርከው ደብቆ ሰበረ ነው የሚሉት» አለችው። «ጠረጴዛው ላይ አድርገው። ካርቶኑንም አጠገቡ። ወረቀቱንም። ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ይሁን።»

ጠረጴዛውን ራሷ አስተካከለችው። ሥዕሉ ያለበትን ክዳን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ መመሪያውን ከፍታ አነጠፈች፣ ታንኩን መሀል አደረገች። ጠይብ ዝም ብሎ መቀመጥ ስላልቻለ የተላጠውን ጎን ደግሞ ቀባው። ሦስቱም እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከግቢው በር ውጭ የመኪና ሞተር ጠፋ። መጀመሪያ የዘውገ ቤት ገቡ፣ ከሁለቱ ቤቶች ለበሩ የሚቀርበው የሱ ነው። ከግድግዳው ወዲያ መሳቢያ ሲሳብ፣ ቆርቆሮ ሲወድቅ፣ ሰው ተነስ ሲባል ይሰማል። ዘውገ ቶሎ ቶሎ ይናገራል፣ ስለ ጎማው ነው። አገኘሁ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረው። «ጫማዬን ላድርግ» አለ። ከዚያ የእናቱ ድምፅ ተነሳና ታፈነ። ጠሂራ የፋኢዛን እጅ ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ ቆዳዋ ውስጥ እስኪገባ መያዟን ሁለቱም ያወቁት በኋላ ነው።

አራት ሆነው ገቡ። አለቃቸው ወፍራም፣ አርባ የሚሞላው፣ ማስታወሻ ደብተር በብብቱ የያዘ ሰው ነው። እትዬ ሸዋርካብሽ ከኋላቸው ደፉ ላይ ቆመች፣ ጠሂራን አላየቻትም። «አንተ ነህ ጠይብ ማለት?» አለ አለቃው፤ ለመልሱ ሳይጠብቅ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ቀስ ብሎ ቀረበ፣ ጎንበስ አለ፣ ጣቱን ወደ ታንኩ ሰደደ።

«አይንኩት፣ አልደረቀም» አለ ጠይብ።

እንዴት ከአፉ እንደወጣ አያውቅም። ከሦስቱ ፖሊሶች አንዱ ወደፊት ተራመደ። አለቃው ጣቱን አየር ላይ እንደያዘ ዞሮ ጠይብን አየው፣ ከዚያ ጣቱን ሰበሰበ።

«ምንድን ነው ይህ?»

«መጫወቻ ነው፣ ጌታዬ። የነጋዴ ዕቃ ነው። ተገጥሞ የሚሸጥ።»

«ማን አስተማረህ?»

«ወረቀቱ።»

ፋኢዛ መመሪያውን አነሳችና ሰጠችው። አለቃው ገለባበጠው፣ ቀስቶቹንና ቁጥሮቹን ረጅም ጊዜ አየ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» አለ። ምርመራ ይሁን ማወቅ ፈልጎ ይሁን ጠይብ ሊለይ አልቻለም። ችሎት ፊት እንደቆመ ሰው ሁሉንም ነገረው። በሳሙና እንዴት እንደታጠበ ነገረው፣ ሳፋውን አሳየው። በመጋዝ የቆረጠውን ጉማጅ ከጣሳ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። የሚፈገፍገው በውሃ መሆኑን፣ አፍንጫው ላይ ጨርቅ የሚያስረው ለአቧራው መሆኑን ሲናገር ሳያስበው ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ደፉ ላይ ያለችው እንድትሰማ። ሽታው የቲነር መሆኑን ተናገረ፣ ጠርሙሱን ከፈተለት። የጎበጠው አፈሙዝ ጋ ሲደርስ በሻይ ማንቆርቆሪያ እንዳቀኑት ተናገረ።

«በሻይ ማንቆርቆሪያ?» አለ አለቃውና ሳቀ። እሱ ሲስቅ ሦስቱም ሳቁ። እትዬ ሸዋርካብሽም መጨረሻ ላይ ሳቀች። ጠይብም ፊቱ ለመሳቅ ሲሞክር ተሰማው።

«ይህን እወስደዋለሁ» አለ አለቃው ሲነሳ። ጥያቄ አልነበረም። «ሌላ አለ?»

«ሱቁ ተዘግቷል እንጂ አለ፣ ጌታዬ።»

«እንዲከፈት እናደርጋለን። አለቃዬ ካየው መፈለጉ አይቀርም። ሁለተኛውን ሠርተህ በሁለት ሳምንት ጣቢያ አምጣልኝ።» ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ የሚጠራውን ስም ነገረው። ታንኩን ካርቶን ውስጥ ያስቀመጠችው ጠሂራ ናት፤ አፈሙዙ ዙሪያ ጥጥ አድርጋ፣ በእርጋታ፣ ሕፃን እንደምታስተኛ። አንድ መሳቢያ አልተከፈተም፣ አንድ ፍራሽ አልተነሳም። ከቤት ሲወጡ አለቃው ካርቶኑን በግራ እጁ ይዞ ቀኝ እጁን ጠይብ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። «በርታ አባቴ» አለው። «ስምህን ይዤዋለሁ።»

ይህን ያለው ግቢው መሀል ነው። የስድስቱም ቤት በር ገርበብ ብሎ ነበር። በተከፈተው የግቢ በር ፒካፑ ይታያል፤ ኋላው ላይ አገኘሁ ከሌሎች አምስት ወጣቶች ጋር ቁጢጥ ብሏል፣ አንድ እግሩ ላይ ብቻ ጫማ አለ። ጠይብንና ትከሻው ላይ ያለውን እጅ አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ።

መኪናው ሲሄድ ጠሂራ ወንበር ላይ ተዘርፍጣ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ሁለተኛውን ልትል ስትጀምር ከግድግዳው ወዲያ ልቅሶ ተሰማና አፏን በእጇ ያዘች። ጠይብ ወጥቶ የዘውገን በር አንኳኳ። ልቅሶው ቆመ። «ዘውገ፣ እኔ ነኝ» አለ። ውስጥ ሰው እንዳለ ትንፋሹ ይሰማል፣ ማንም ግን አልከፈተም። ምን እንደሚያደርግ ቸግሮት ጣሳውን ሊያጥብ ወደ ቧንቧው ሄደ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ጀሪካናቸውን ጎተቱ። እትዬ ሸዋርካብሽ የሰውን ሁሉ ዕቃ በእግሯ እየገፋች «ይቅደም፣ ጋሽ ጠይብ ይቅደም» አለች፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ። ውሃው ጣሳው ውስጥ ሲወርድ ከኋላው አንድ ሰው እንኳ አያወራም ነበር።

ቤት ሲመለስ ፋኢዛ የቀለም ጠብታውን ከጠረጴዛው እየፈገፈገች ነበር። ቀና ሳትል «የፖሊስ ሰው ነህ ብለው ነው» አለችው።

«ማን ነው ያለው?»

«ማንም አላለም።» እጇን አቆመች። «አገኘሁን ገና እንዳስወጡት እኛ ቤት ሳቅ ነበር የሚሰማው፣ አባዬ። እነ ጋሽ ዘውገም የሚሰሙት ልክ እኛ እንደምንሰማው ነው።»

ጠይብ ቁጭ አለ። እስከ ዛሬ የሚፈራው በሩ ተበርግዶ እንዳይወሰድ ነበር። ሌላ የሚፈራ ነገር ሊኖር እንደሚችል አስቦ አያውቅም። አላዛር የተባለ የኪዮስክ ጎረቤቱ ከዓመታት በፊት ወሬ አቀባይ ነው ተብሎ ሰው ሰዓቱን እንኳ እሱ ጋ ማሠራት ሲተው ያየ ነው፤ እውነት ይሁን ሐሰት ያን ጊዜ እሱም አልጠየቀም፣ በሩን ዝም ብሎ አልፎ ይሄድ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ በሩ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ። ዘውገ ነው፤ ኮፍያውን በእጁ ይዟል፣ ሸሚዙን ቀይሯል፣ ፊቱን ታጥቧል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ጠይብ» አለ።

ጠይብ ሳያስበው ዞሮ ከኋላው ያለውን አየ። ሃያ ሁለት ዓመት ተጎራብተዋል። በደስታም በጠብም፣ ዘውገ አንድ ቀን ከ«አንተ» ሌላ ጠርቶት አያውቅም።

«ግባ እንጂ ዘውገ። ምን ሆነሃል?»

«አልገባም። አላስቸግርዎትም።» ዓይኑ ጠይብ ጫማ ላይ ነው። «ልጁ ምንም አላደረገም፣ እርስዎ ያውቁታል። እጅዎ ላይ ነው ያደገው። አንድ ቃል ቢናገሩለት ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ ነኝ፣ ዘውገ። ሰውዬውን ዛሬ ነው ያየሁት። በአላህ እልሃለሁ፣ አላውቀውም።»

«እሺ» አለ ዘውገ ቶሎ ብሎ። «እርስዎ ካሉ አያውቁትም። እኔም አላልኩም።» ኮፍያውን አዞረው። ሁለቱ ማታ ማታ ጠይብ ቤት ድምፁን ቀንሰው የውጭ አገር ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። «ያ የሬዲዮው ነገር… ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ክፈተው ያልኩት። እሱን ግን ከልጁ ጋር እንዳያያይዙብኝ።»

ጠይብ በሩን ተደገፈ። ሊምል፣ ሊቆጣ፣ እጁን ይዞ ሊያስገባው ፈለገ፤ የሚለው ሁሉ ዘውገን የበለጠ እንደሚያስፈራው ገባው። ከጓሮ ጠሂራ ሥራዋን አቁማ ትሰማለች። አላውቃቸውም ብሎ በሩን ቢዘጋ አገኘሁ እዚያው ይቀራል፣ ዘውገም እምቢ እንዳለው ይቆጥራል። እሺ ካለ ደግሞ ዛሬ በሐሰት የተባለው ከነገ ጀምሮ እውነት ይሆናል፤ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ የአለቃውን ስም የሚጠራ ሰው ይሆናል።

«ሌላ ታንክ ሥራልኝ ብሎኛል» አለ በመጨረሻ። «ስወስድለት የአገኘሁን ስም እጠራለታለሁ።»

ዘውገ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል ጠይብ በሁለት ክንዶቹ ያዘው። የዘውገ ክንድ በእጁ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠይብ እስኪረጋ ሊይዘው አስቦ ጠበቅ ሲያደርገው የባሰ ተንቀጠቀጠ፤ ስለዚህ ለቀቀው።

አለቃው የሀያቱን ሱቅ አስከፍቶ በላከለት ካርቶን ሁለተኛውን ታንክ በአሥራ አንድ ቀን ጨረሰው። ጣቢያው በር ላይ የተነገረውን ስም ጠራ፣ ገባ፣ የአገኘሁን ስም ከነአባቱ ተናገረ፤ አለቃው «እናያለን» ብሎ ካርቶኑን ተቀበለው። አገኘሁ ከዚያ በኋላ በሰባተኛው ቀን ከሠላሳ ሰዎች ጋር ተፈታ። ጠይብ ተናግሮለት ይሁን፣ ቀኑ ደርሶ ይሁን፣ ማንም አልነገራቸውም። ግቢው ግን የሚያውቀውን አወቀ። ሀያቱ ሱቋን ስትከፍት የቀሩትን ካርቶኖች ገጣጥም ብላ ብትለምነው ጠይብ እምቢ አላት፣ ሦስት መቶ ብሯንም አልተቀበለም።

ከዘውገ ጋር እስከ ዛሬ ጎረቤት ናቸው። በዓል ሲሆን ዘውገ ከማንም ቀድሞ እንኳን አደረስዎ ሊል ይመጣል፣ ደፉ ላይ ቆሞ። ጠይብ ብዙ ጊዜ «ኧረ በፈጠረህ አንተ በለኝ» ብሎ ለምኖታል። ዘውገ በእያንዳንዱ ጊዜ ራሱን ይነቀንቃል። «እሺ» ይለዋል፣ «እንዳሉ።»